መቃብር አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

እናቴ ልትጠይቀኝ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የመጣች ጊዜ ነው። ከኤርፖርት ይዣት ስመለስ መብራት ያዘን። መንገዱ ዳር፣ ሣሩ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ የማይል ነጭ የእንጨት መስቀል ቆሟል። ሥሩ የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ የቤዝቦል ኮፍያ፣ ዝናብ የመታው የአሻንጉሊት ድብ፣ በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ የጓሮ መብራት አለ። እናቴ አማተበችና ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች።

«ምን ጠፋሽ?»

«ሳንቲም ነዋ። እስቲ ጠጋ በል፣ ልጣልላቸው።»

አገር ቤት ጥላ ዘርግተው፣ ሥዕል አቁመው ለቤተክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑት መስሏት ነው። «አይ፣ እዚህ ጋ ሰው በመኪና አደጋ ሞቶ ነው» አልኳት። ዝም አለች። መብራቱ ለቀቀን። ትንሽ እንደሄድን ዞር ብላ «ታዲያ መንገድ ላይ ነው የሚቀብሩት? ቤተክርስቲያን የላቸውም?» አለችኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም አሜሪካ የገባሁ ሰሞን ያው መስሎኝ ነበር። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር በየመንገዱ ያያል፤ አደጋ በደረሰ ቁጥር ደግሞ በቴሌቪዥን የአበባ ክምር ያያል። ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ለምን እንደሚያስቀምጠው፣ ሃይማኖት ይሁን ልማድ ግን የሚነግረው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መቃብር ካልሆነ ምንድን ነው?

ሟቹ የተቀበረው ሌላ ቦታ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው መካነ መቃብር ውስጥ። መስቀሉ የቆመው ነፍሱ የወጣችበት ቦታ ላይ ነው። አስከሬን ያረፈበትና ሰው የሞተበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ኢመደበኛ መታሰቢያ እንበለው። መደበኛው ሐውልት ኮሚቴ አለው፣ በጀት አለው፣ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አለው። ይሄኛው ምንም የለውም። ቄስ አልባረከውም፣ ማዘጋጃ ቤት አልፈቀደውም። አንድ ቀን ማታ የሟች ወንድም ወይም ጓደኛ መዶሻ ይዞ ይመጣና ይተክለዋል። በቃ። ጃክ ሳንቲኖ የሚባል አሜሪካዊ የፎክሎር ተመራማሪ እንዲህ ላሉት ነገሮች ያወጣው ስም በግርድፉ «ሳይታሰብ የበቀለ ቅዱስ ስፍራ» ማለት ነው።

መልኩ ብዙ ነው። ከተማ ውስጥ ከጎማው እስከ መሪው ነጭ የተቀባ ብስክሌት ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ካያችሁ ረስቶት የሄደ ሰው የለም። እዚያ ቦታ ብስክሌት ነጂ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል። ይህ ልማድ በ2003 ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ልዊስ ከተማ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። መስቀል ወይም ጥቅስ ግድ አይደለም። ነጭ ቀለሙ ይበቃል።

መንገድ ዳር መስቀል መትከል ከየት መጣ?

አሜሪካ ውስጥ የቆየው ሥሩ ኒው ሜክሲኮና አካባቢው ካሉ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ ነው። «ዴስካንሶ» ይሉታል፤ ማረፊያ ማለት ነው። ድሮ መኪና ሳይኖር ሬሳ ከቤተክርስቲያን እስከ መቃብር በትከሻ ነበር የሚሄደው። ተሸካሚዎቹ ሲደክማቸው ሳጥኑን መሬት ያሳርፋሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያቺን ያረፉባትን ቦታ በድንጋይ ወይም በመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። ኋላ ላይ ቃሉ መንገድ ላይ ድንገት ለሞተ ሰው የሚቆመው መስቀልም ስም ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። የኛም ቀብር ከዚህ ሩቅ አይደለም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት አስከሬን ወደ ቤተክርስቲያን ሲሸኝ በየመሐሉ እያረፈ ፍትሐት ይደርስለታል፤ ሰባት ጊዜ። «ምዕራፍ» የምንለው ቃልም የመጽሐፍ ክፍል ከመሆኑ በፊት በግዕዝ ማረፊያ ማለት ነው። ሰው ሞተ ላለማለት «አረፈ» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። ዴስካንሶን ተርጉምልን ብትሉኝ «ምዕራፍ» ብዬ እገላገል ነበር። ልዩነቱ፣ እኛ አሳርፈን፣ ጸልየን፣ አንስተን እንሄዳለን። መንገዱ ላይ ምልክት አንተውም።

ለምን የሞተበት ቦታ ላይ?

መጀመሪያ ሃይማኖታዊ ምክንያት ነበረው። በካቶሊክ እምነት ሰው ከመሞቱ በፊት ቢናዘዝ፣ ቄስ ቢጸልይለት፣ ቢቆርብ ይመረጣል። መንገድ ላይ ድንገት የተቀጨ ሰው ይህን ሁሉ አላገኘም። ነፍሱም ወደ እግዚአብሔር ከመድረሷ በፊት የምትነጻበት ጊዜ አላት ብለው ስለሚያምኑ የሕያዋን ጸሎት ያስፈልጋታል። እናም መስቀሉ ለአላፊ አግዳሚው ልመና ነበር፦ «አንተ መንገደኛ፣ ለዚህች ነፍስ ጸልይላት።» እናቴ አማተበችና ሳንቲም ፈለገች አላልኳችሁም? ሳታውቀው የተለመነችውን ግማሹን አድርጋለች።

ዛሬ ግን መስቀሉን ከሚያቆሙት ብዙዎቹ ይህን ትምህርት አያውቁትም፤ ቤተክርስቲያን የማይረግጡም አሉባቸው። እነሱን የሚስባቸው ሌላ ነገር ነው። ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተነፈሰው እዚያ ነው። መቃብሩ ዘንድ ሄደው የሚያገኙት ከሞተ በኋላ ያለውን ልጅ ነው፤ መንገዱ ዳር የሚያገኙት ግን ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የነበረውን ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው። የኛ ሐዘን የሚኖረው በቀን ውስጥ ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። መቼ እንደሚለቀስ፣ መቼ እንደሚዘከር፣ ጥቁር መቼ እንደሚወልቅ ልማዱ ይነግረናል። ሰውየው የት እንደሞተ ቶሎ ይረሳል። እዚህ ደግሞ ቀብሩ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ሰዉ በሳምንቱ ሥራ ይገባል፣ አርባም ሰማንያም የለም። ቀን የሌለው ሐዘን ቦታ ይፈልጋል። መስቀሉን ብትከታተሉት ዓመቱን ሙሉ ይለዋወጣል። ለገና የአበባ ጉንጉን፣ ለልደቱ ፊኛ፣ ፀደይ ሲመጣ ትኩስ አበባ። ቦታው ላይ የቀን መቁጠሪያ እየሠሩ ነው።

ሰውየውን የማያውቁት ሰዎች አበባ ይዘው ምን ይሠራሉ?

ይሄ ብዙ ሐበሻ የሚሳለቅበት ነው፤ «ሳያውቋት ሙሾ!» እየተባለ። ግን ነገሩን ከኛው ልማድ ጋር አስተያዩት። አገር ቤት ለቅሶ ግብዣ የለውም። ድንኳን ተጥሎ ያየ ሰው ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ይወጣል። ሟቹን አይቶት ባያውቅም የጎረቤቱ የአክስት ልጅ መሆኑ ይበቃዋል። ምዕራቡ ዓለም ያለው ቀብር ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብና የወዳጅ ጉዳይ ነው። ድንኳን የለም። ከተማውን ሁሉ የሚያስለቅስ ነገር ሲደርስ ሕዝቡ ለቅሶ የሚደርስበት ቤት ያጣል። ያኔ አበባው የሚከመርበት አጥር ድንኳን ይሆናል።

ልዕልት ዳያና ኦገስት 31 ቀን 1997 ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ስትሞት የለንደን ሰው ቤተ መንግሥት በር ላይ አበባ ከመረ። ፓሪስ ላይ የሆነው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። አደጋው ከደረሰበት ዋሻ በላይ በወርቅ ቅብ የተሠራ የችቦ ነበልባል አለ። የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት የያዘው ችቦ ቅጂ ሲሆን የቆመው በ1989 ነው፤ ከዳያና ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። ሕዝቡ ግን ፎቶና አበባ እየለጠፈ የእሷ አደረገው። ዛሬ ድረስ ብዙ ጎብኚ ለእሷ የተሠራ ይመስለዋል።

ኦክላሆማ ሲቲ ኤፕሪል 19 ቀን 1995 የመንግሥት ሕንፃ በቦምብ ፈርሶ 168 ሰው አለቀ፤ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። ፍርስራሹን ለመከለል የሽቦ አጥር ታጠረ። ሰው መጥቶ አጥሩ ላይ አሻንጉሊት፣ ቲሸርት፣ የቁልፍ መያዣ፣ የመኪና ታርጋ ሳይቀር ማንጠልጠል ጀመረ። ኋላ ትልቁ መታሰቢያ ተሠርቶ በ2000 ሲከፈት ያ ተራ የሽቦ አጥር አልተጣለም። ከፊሉ የመታሰቢያው አካል ሆኖ ቀረ፣ ሰውም እስከ ዛሬ ያንጠለጥልበታል። እኔን ብትጠይቁኝ ከእብነ በረዱ ይልቅ አጥሩ ነው የሚያስለቅሰው።

ሦስተኛው ለኛ ይቀርባል። ምዕራብ ለንደን ያለው የግሬንፌል ፎቅ ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። ወቅቱ ረመዳን ነበር። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ የነቁ ሙስሊሞች የጎረቤቶቻቸውን በር እያንኳኩ ቀሰቀሱ። በነጋታው ከአንድ የሜቶዲስት ቤተክርስቲያን ደጃፍ እስከ መኪና መንገዱ ድልድይ ሥር ድረስ ግድግዳው በፎቶ፣ በሻማ፣ በአበባ፣ በመልእክት ተሸፈነ። ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ምንም አላምንም የሚለውም አንድ ግድግዳ ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሰዉ በየወሩ በ14 ድምፅ ሳያሰማ ሰልፍ መውጣት ያዘ። ልብ በሉ፣ በየወሩ በ14። ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን ለሚያከብር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለለንደን ግን አዲስ ነበር። ሐዘኑ ሲበዛ እነሱም ቀን ቆረጡለት።

ወረቀቶቹ ላይ ምን ተጽፏል?

አንዱን ጠጋ ብላችሁ አንብቡ። «እወድሃለሁ»፣ «ናፈቅሽኝ»፣ «እዚያ ሆነህ ጠብቀን»፣ «ልጅህ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች» ይላል። የተጻፈው ስለ ሟቹ ሳይሆን ለሟቹ ነው። ደብዳቤ ነው፤ ተቀባዩ እንደሚያነበው ታምኖ የተጣለ።

ቄሱን ብትጠይቁት ሟች ደብዳቤ ያነባል አይልም፤ ጸሐፊው ራሱም ቢጠየቅ ያንገራግር ይሆናል። እጁ ግን ይጽፋል። ይሄ የሙሾ ሥራ ነው። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ሟቹን «አንተ» እያለች ታናግረዋለች፣ ትወቅሰዋለች፣ ለማን ጥለኸን ሄድክ ትለዋለች። ማንም ተነስቶ «እሱ እኮ አይሰማሽም» አይላትም።

በብዛት የሚታየው ሌላው ቃል «መልአክ» ነው። ሕፃን ከሞተ «ሰማይ አንድ መልአክ አገኘ» ይላሉ። በክርስትና ትምህርት መላእክት ለብቻቸው የተፈጠሩ ናቸው፤ ሰው ሞቶ መልአክ አይሆንም። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በዚህ ይስማማሉ። ግድግዳው ግን አይስማማም። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚያሳዩን እምነት መጽሐፉ ላይ ያለውን ሳይሆን ሰው ሆዱ ሲባባ የሚይዘውን ነው። የታወቀ ጸሎት፣ የልጅነት ተረት፣ ከፊልም የተቃረመ ነገር፣ የራስ ተስፋ፤ ሁሉም አንድ ላይ።

መታሰቢያው ራሱ የሚለመንበት ጊዜ አለ?

አለ። አርጀንቲና ውስጥ መንገድ ዳር ውኃ የሞላባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተከምረው ካያችሁ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። በ1840ዎቹ ባሏን ፍለጋ በረሃ ገብታ በውኃ ጥም ሞተች የምትባል «ዲፉንታ ኮሬያ» የተባለች ሴት አለች። እረኞች ሲያገኟት እሷ ሞታ ሕፃኗ ግን ጡቷን እየጠባ በሕይወት ነበር ይባላል። ዋናው ስፍራዋ ሳን ሁዋን በሚባለው ክፍለ ሀገር ቫዬሲቶ ላይ ነው። ሾፌሮች ውኃ ያስቀምጡላታል፤ በጥም ሞታለችና። ስለት የሰመረለት የሠራውን ቤት ሞዴል፣ የመኪናውን ታርጋ ያመጣል። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ቅድስት ብላ አልተቀበለቻትም። ሕዝቡ ግን የቤተክርስቲያኗን ውሳኔ አልጠበቀም።

ቺሊ ውስጥ «አኒሚታ» አሉ፤ ትንሿ ነፍስ ማለት ነው። ሰው በአደጋ ወይም በግፍ የሞተበት ቦታ ላይ የሚሠሩ የውሻ ቤት የሚያህሉ ቤቶች ናቸው። እነሱም ዘንድ ሰው ይለምናል፣ ሲሰምርለት «ስለተደረገልኝ አመሰግናለሁ» የሚል ሰሌዳ ይለጥፋል። ግሪክ ደግሞ መንገድ ዳር ሥዕልና የዘይት መብራት ያለባቸው ትናንሽ ሣጥኖች አሉ፤ የሞተን የሚያስቡ አሉ፣ ከአደጋ የተረፈም ለምስጋና ያቆማቸዋል። ስለት ለሚያገባ የኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጃንጥላና ጧፍ በጠርሙስ ውኃ ተተካ በሉት።

ሁሉም ሃይማኖት በዚህ ልማድ ደስ ይለዋል ማለት ግን አይደለም። በእስልምና ብዙ ዑለማ መቃብር ላይ መገንባትን፣ ሙትን መለመንን አጥብቀው ይከለክላሉ። ሙስሊም ለሟቹ ዱዓ ያደርጋል፣ ሰደቃ ያወጣል፣ ከቻለ በስሙ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሰው በጠጣ ቁጥር ምንዳው ለሟቹ ይደርሳል። አይሁድ መቃብር ላይ ከአበባ ይልቅ ጠጠር ያስቀምጣሉ። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በኖቬምበር 1995 ቴል አቪቭ ላይ ሲገደል ደግሞ ወጣቶች አደባባዩ ላይ ተቀምጠው ለሙት ዓመት ቤት ውስጥ የሚበራውን ሻማ አስፋልት ላይ አበሩት።

መስቀል የሞት ምልክት ነው ወይስ የክርስትና?

ይሄ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዩታ ውስጥ በሥራ ላይ ለሞቱ የትራፊክ ፖሊሶች አንድ ማኅበር ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ቁመት ያላቸው ነጭ መስቀሎች አቆመ፤ ብዙዎቹ በመንግሥት መሬት ላይ ነበሩ። እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች ማኅበር ከሰሰ። የተከሳሾቹ መልስ «መስቀል እዚህ አገር መንገድ ዳር ሲቆም ሰው ሞቷል ማለት እንጂ ሃይማኖት መስበክ አይደለም» የሚል ነበር። ለዚህም በዩታ የሚበዙት ሞርሞኖች መሆናቸውን፣ እነሱ ደግሞ መስቀልን ምልክታቸው እንደማያደርጉት ጠቀሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 አልተቀበለውም፤ መንገደኛ ሲያየው መንግሥት ለክርስትና ያደላ ይመስለዋል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 ጉዳዩን አላይም ብሎ ተወው።

ክርክሩ የፖሊስ አርማ ስላለባቸው ትላልቅ መስቀሎች ነው እንጂ እናት ስለተከለችው ትንሽ መስቀል አይደለም። እሷን የሚመለከተው የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ እሱም ከግዛት ግዛት ይለያያል። የሚከለክል አለ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አለ፣ በመስቀሉ ፋንታ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ለተወሰነ ጊዜ የሚተክል አለ። ሰበቡ የሾፌር ዓይን ይስባል፣ ሣር ለማጨድ ያስቸግራል ነው። ሠራተኞቹ ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያውን አጭደው መስቀሉን ይተዉታል።

ሁለቱ ልማዶች አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙስ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 በኛ አቆጣጠር ወደ ናይሮቢ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃው ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ ከሚባል መንደር አጠገብ ተከሰከሰ። 157 ሰው፣ ከ35 አገር። አስከሬን ሆኖ የሚለቀም አልነበረም። ገበሬዎቹ ማንነታቸውን ለማያውቋቸው ሰዎች ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ከየአገሩ የመጡት ዘመዶች ፎቶ፣ ሻማ፣ አበባ ይዘው የታረሰው መሬት ላይ ቆሙ። አንዱ ወገን ቦታውን ሲፈልግ ሌላው ለቅሶውን ሰጠው። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለሞቱት ኢትዮጵያውያን በባንዲራ የተሸፈኑ 17 ሳጥኖች ተደርድረው፣ ሬሳ በሌለበት፣ ፍትሐት ተደረገ። ለቤተሰቦቹም ከሜዳው የተነሳ የተቃጠለ አፈር አንድ አንድ ኪሎ ያህል ታደላቸው። አንዳንዱ እሱን ይዞ አገሩ ገባ፣ እሱን ቀበረ።

የሞተበት ቦታ ራሱ ተቆንጥሮ አስከሬን ሆነ ማለት ነው።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ልክ የለውም። የከተማ የአበባ ክምር በሳምንታት ይነሳል፤ የተለጠፈው ወረቀት አንዳንድ ጊዜ ወደ ሙዚየም ወይም ቤተ መዛግብት ይገባል። የመንገድ ዳሩ መስቀል ግን የሚቆየው የሚንከባከበው ሰው እስካለ ነው። ቤተሰብ ከተማ ሲቀይር፣ እናት ስታረጅ ቀለሙ ይላጣል፣ አንድ ክረምት ይወድቃል።

እናቴ ሦስት ወር ቆይታ ተመለሰች። ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ያው መብራት ያዘን። መስቀሉ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ድቡ ተቀይሯል፣ ሥሩ ያልጠወለገ እውነተኛ አበባ አለ። እናቴ አንገቷን አውጥታ አየችና አማተበች።

«ሙት ዓመቱ ደርሶ ነው» አለች።